ቀን ጥያቄ፣ ማታ እርማት

ጥያቄ፦

"ከስምንት ወር በፊት፣ አብሬያቸው እሠራ በነበሩ ስድስት ባልደረቦች ላይ የቡድን መሪ ሆኜ ተሾምኩ። ሥራችን መረጃ ሰብስቦ መተንተንና ለሌሎች ክፍሎች ሪፖርት ማዘጋጀት ነው፤ በዚህ ሥራ ጎበዝ ከሚባሉት አንዷ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ ወዲያው መልስ እሰጥ ነበር። ጠረጴዛዬ ፊት ሰልፉ ሲበዛ መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ቀን የኮቺንግ፣ ማለትም ሠራተኛው መልሱን ራሱ እንዲያገኝ በጥያቄ የመርዳት፣ ሥልጠና ላከኝ። መልስ ከመስጠት ይልቅ መጠየቅ እንደሚሻል ተማርኩና ሦስት ወር ሞከርኩት። ሰው ግን እየተቆጣብኝ ነው። በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባ 'መልሱን እያወቅሽው ለምን ትፈትኚኛለሽ? አለቃ ነሽ፣ ንገሪኝና ልሥራ' አሉኝ። ከሁላችን ወጣቱ ደግሞ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ሪፖርት አዘግይቷል። የሚላክልኝ ሥራ ስለማያረካኝ ማታ ቤቴ ወስጄ አስተካክለዋለሁ። ደክሞኛል። ኮቺንግ ለእኛ አይሆንም ማለት ነው? ልተወው?"

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ኮቺንጉን አይተዉት። መተው ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፤ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጉት፣ ማታ ቤትዎ የሚወስዱት እርማት።

እስቲ ነገሩን በሠራተኛው ቦታ ሆነው ይዩት። ቀን "አንተ ምን ይመስልሃል?" ተብሎ ተጠይቋል። ያሰበውን ተናግሯል፣ የተናገረውን ጽፏል፣ ፋይሉን ልኳል። በማግስቱ ሪፖርቱ ሲወጣ መደምደሚያው ሌላ፣ ሠንጠረዡም ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። የቱ ጋ እንደተሳሳተ የነገረው ስለሌለ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ይደግመዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ እንከን ያለበት ሥራ ቢልክም በእርስዎ እጅ አልፎ አምሮ እንደሚወጣ ማወቁ ነው። ታዲያ የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ለምን ይድከምባት? ይህን ስንፍና አንለውም፤ ማንም አስተዋይ ሰው የሚደርስበት ስሌት ነው። ጥያቄዎም ለይስሙላ እንደነበር ውሎ አድሮ ይገባዋል። "ለምን ትፈትኚኛለሽ?" የሚለው ቁጣ የመጣው ከዚህ ይመስለናል። በሥልጠናው መጠየቅን ተምረዋል፤ የቡድንዎን እውነተኛ ደንብ የሚጽፈው ግን የማታው እርማት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምልክት ያድርጉ እንጂ አያስተካክሉ። በአንድ ሪፖርት ላይ ከሦስት ነጥብ አይበልጡ፣ በክብደታቸውም ቅደም ተከተል ይስጧቸው። "መደምደሚያው ደካማ ነው" የሚል ማስታወሻ ማንንም አያስተምርም። "ይህን የሚያነበው የሽያጭ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ምን እንዲወስን እንደፈለግህ ከመጀመሪያው ገጽ ማወቅ አይችልም" የሚለው ግን ያስተምራል፤ ስህተቱንም የሚጎዳውንም ሰው ይዟል። ምልክት ሲያደርጉ ስህተት የሆነውንና "እኔ ብሆን በሌላ መንገድ አደርገው ነበር" የሚሉትን በሁለት የተለያየ ቀለም ይለዩ። ተመልሶ የሚታረመው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ሆነው አለቃ የሆኑ ሰዎች ይህን ሲሞክሩ ሁለተኛው ቀለም ሲበዛባቸው ይደነግጣሉ፤ እርስዎም ቢያጋጥምዎ አይደንቅም።

"ጊዜ ከየት ይመጣል? ሪፖርቱ የሚደርሰኝ በመጨረሻው ምሽት ነው" ማለትዎ አይቀርም። እውነት ነው፣ ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ የሚያይ አለቃ ወይ ራሱ ማስተካከል ወይ ቀነ ገደቡን ማሳለፍ እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም። መፍትሔው ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ ማየት ነው። አንደኛው ሥራው ገና አንድ አሥረኛው ሲሠራ ነው፦ ሪፖርቱ የሚመልሰው ጥያቄ፣ የመረጃው ምንጭና የምዕራፎቹ ርዕስ ብቻ። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ አቅጣጫ የሳተ ሥራ እዚህ ላይ ከተያዘ የሚባክነው የግማሽ ቀን ድካም ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሹ ላይ ነው፤ ጥሬ ሠንጠረዥና ያልተቀባባ ሐሳብ ይዞ ይምጣ። እዚህ ላይ ሠራተኛው ሥራውን አሳምሮ እንዳያመጣ አስቀድመው አጥብቀው ይንገሩት። ካሳመረው በኋላ "ቀይረው" ማለት ለእርሱም ሕመም ነው፣ ለእርስዎም ይከብዳል። የመጨረሻው ረቂቅ ደግሞ ከመውጫው ቀን ሁለት የሥራ ቀን ቀድሞ ይድረስዎ፤ እነዚያ ሁለት ቀናት የተያዙት ለእርስዎ እርማት ሳይሆን ለእርሱ ማረሚያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንምጣ። ለሚመጣው ነገር ሁሉ በጥያቄ የሚመልሱ ይመስላል፤ የሁለት ቀን ሥልጠና ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ይዘለዋል። ወደ አለቃ የሚመጣ ነገር ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የመረጃ ጉድለት ነው፦ "የባለፈው ዓመት ፋይል የት ነው ያለው?" ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፣ ይለቁ። ሌላው በሥልጣን የእርስዎ የሆነ ውሳኔ ነው፦ "ሁለት ክፍሎች በአንድ ቀን ሪፖርት ጠይቀውናል፣ የማንን እናስቀድም?" ይህን "አንተ ምን ትላለህ?" ብሎ መመለስ ኃላፊነትን መሸሽ ነው፤ ሐሳቡን መስማት ይችላሉ፣ ውሳኔው ግን ከእርስዎ አፍ ይውጣ። ኮቺንግ የሚገባው ለሦስተኛው ብቻ ነው፦ "ቁጥሩ ከጠበቅነው በታች ወርዷል፣ ይህን እንዴት ላቅርበው?" መልሱ የሥራው ባለቤት ጋ አለ፣ ወይም አንድ ሰዓት ቢያስብበት ያገኘዋል። መለያውም ይኸው ነው፤ ለብቻው አንድ ሰዓት ቢሰጠው የማያገኘው ከሆነ አይጠይቁት።

አንድን ሥራ ጨርሶ ሠርቶ የማያውቅን ሰው "እንዴት ብትሠራው ይሻላል?" ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ለጀማሪ መጀመሪያ ያሳዩት፣ ቀጥሎ አብራችሁ ሥሩት፣ ከዚያ እርሱ ሲሠራ እርስዎ ይዩ፤ መጠየቅ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጀማሪነት የሚለካው በሰውየው ሳይሆን በሥራው መሆኑንም አይርሱ። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በአዲስ ሶፍትዌር ላይ ጀማሪ ነው፤ ትናንት የተቀጠረው ደግሞ በዚያው ሶፍትዌር ላይ ከእርስዎ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ "እገሌ መነገር ያለበት ሰው ነው፣ እገሊት ኮቺንግ ይሆናታል" ብለው አይመድቡ።

የትኛውን እያደረጉ እንደሆነም ደብቀው አይያዙት። "ይህን እኔ ልወስነው" ወይም "በዚህ ላይ መልስ የለኝም፣ አብረን እናስብ" ብሎ መጀመር ብዙ ቅያሜ ያስቀራል። ሰው የሚያስቆጣው መጠየቁ ብቻ አይደለም፤ ሰሙ ጥያቄ፣ ወርቁ ትእዛዝ የሆነ ንግግር ነው። "ሠንጠረዡን መጀመሪያ ብታስቀምጠው አይሻልም?" ጥያቄ አይደለም። መልሱ በልብዎ ካለ ይናገሩት፦ "እኔ ሠንጠረዡ ቢቀድም እመርጣለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው፤ የማይሆንበት ምክንያት ይታይሃል?" ይህ ከይስሙላ ጥያቄ የበለጠ አክብሮት አለው።

እውነተኛ ጥያቄ ሲጠይቁ በ"ለምን" ከመጀመር ይቆጠቡ፤ "ለምን እንዲህ አደረግህ?" የሚባል ሰው ማስረዳቱን ትቶ መከላከል ይጀምራል። "ምን አይተህ ነው ይህን የመረጥከው?" ያንኑ ይጠይቃል፣ ግን ሰውየውን አይወነጅልም። ጠይቀው ሲጨርሱ ዝም ይበሉ። በልብዎ እስከ ስምንት ይቁጠሩ፤ ይረዝምብዎታል፣ ለሚያስበው ሰው ግን አጭር ናት። ብዙ አለቆች ሦስት ላይ ሲደርሱ ጥያቄያቸውን ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ሠራተኛውም መጠበቅን ይለምዳል።

በሥልጠናው ግሮው የሚባለውን ባለ አራት ደረጃ አካሄድ ሳያስተምሩዎ አይቀሩም፤ በብሪታኒያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተቀርጾ የተስፋፋ ነው፦ ግብ፣ ያለበት ሁኔታ፣ አማራጮች፣ ቁርጠኝነት። አካሄዱ ደህና ነው፣ ሰዎች የሚሳሳቱት ጊዜውን ሲያከፋፍሉ ነው። ሃያ ደቂቃ ካላችሁ አሥራ አምስቱ በሁኔታው ትረካ ያልቃል፤ ማን ምን አለ፣ ማን ፋይሉን አዘገየ። ትረካውን ስድስት ደቂቃ ላይ ይግቱት። ከዚያ በፊት ለግቡ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፦ "ከዚህ ንግግር ምን ይዘህ ብትወጣ ደስ ይልሃል?" ሰባቱን ደቂቃ ለአማራጮች ይስጡ። የመጀመሪያው አማራጭ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሲመጣ ይዞት የመጣው ነው። "ሌላስ?" ይበሉ፣ ሦስት እስኪሞላ ድረስ። የእርስዎ ሐሳብ መግባት ካለበት አራተኛ ሆኖ ይግባ።

የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃዎች ማንም እንዲወስድብዎት አይፍቀዱ። "እሺ፣ እሞክራለሁ" ውል አይደለም። ምን፣ እስከ መቼ፣ ማንን ያነጋግራል፤ እነዚህ ይነገሩ። ከዚያ "ይህን እንደምትፈጽም ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?" ብለው ይጠይቁ። ከ7 በታች ካለ አይቆጡት፤ 8 እስኪል ድረስ ሥራውን ያሳንሱለት። እንቅፋቱንም አስቀድመው ያስቡት፦ "እስከ ረቡዕ ቁጥሩ ካልተላከልኝ፣ ሐሙስ ጠዋት በአካል ሄጄ እጠይቃለሁ።" የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ "እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ" ተብሎ የታቀደ ነገር ከባዶ ሐሳብ ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ይላል።

ታላቅ ባልደረባዎን በተመለከተ፣ ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፣ በኮቺንግም አይጀምሩ። ትክክል እንደነበሩ ይንገሯቸው፤ እያወቁ ጠይቀዋቸዋልና። ከዚያ የሥልጣን ልክ ይስጧቸው። ሥራ ሲሰጥ አምስት ደረጃ አለው፦ አጥንተው ያምጡልኝ፤ አማራጭና የእርስዎን ምርጫ ያምጡልኝ፤ ወስነው ከመፈጸምዎ በፊት ያሳውቁኝ፤ ወስነው ፈጽመው ያሳውቁኝ፤ ወስነው ይፈጽሙ፣ ማሳወቅም አያስፈልግም። አብዛኛው የቢሮ ቅያሜ የሚወለደው ሰጪው ሁለተኛውን አስቦ ተቀባዩ አራተኛውን ሲሰማ ነው፤ ወይም እንደ እርስዎ ሁኔታ፣ በቃል አራተኛው ተሰጥቶ ማታ ወደ አንደኛው ሲመለስ። እሳቸው ለዓመታት በሠሩት ሪፖርት ላይ አራተኛውን ይስጧቸው፣ ቃልዎንም ይጠብቁ። "ንገሪኝና ልሥራ" ማለታቸው ግን ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል፤ ቢሳሳቱ ማን እንደሚጠየቅ አያውቁም። "በዚህ ደረጃ ወስነው ስህተት ቢፈጠር ወደ ላይ የምመልሰው እኔ ነኝ" ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። ይህን ካሉ በኋላ የመጀመሪያው ስህተት ሲመጣ በስብሰባ ላይ አሳልፈው ከሰጧቸው፣ ዳግመኛ የሚያምንዎት አይኖርም፤ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አምስቱም።

የወጣቱ ጉዳይ ሁለት ነገር ነው፣ አይደባልቁት። ዝምታው አንድ፣ መዘግየቱ ሌላ። ለዝምታው ጥያቄውን ያጥብቡትና ቀድመው ይስጡት። "ምን ይመስልሃል?" ለጀማሪ ሰፊ ሜዳ ነው። "ነገ ስንገናኝ፣ ከሦስቱ ሠንጠረዦች የትኛው ላይ እንደቆምክና ምን እንደጎደለህ ንገረኝ" ብለው በዋዜማው ይጻፉለት።

መዘግየቱ ግብረ መልስ ይፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። ሴንተር ፎር ክሪኤቲቭ ሊደርሺፕ የተባለው የአሜሪካ የአመራር ማሠልጠኛ ተቋም ያስተዋወቀው ቀላል ቅርጽ አለ፦ ሁኔታ፣ ድርጊት፣ ያስከተለው ነገር። "ሐሙስ በ10 ሰዓት መድረስ የነበረበት የወሩ ሪፖርት ሰኞ ጠዋት ደረሰ። ዕቅድ ክፍሉ ዓርብ ዕለት ያለ ቁጥር ስብሰባ ገባ። ምን እንደተፈጠረ ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ።" እዚህ ላይ ያቁሙ። "ሁልጊዜ ታዘገያለህ"፣ "ግድ የለህም" አይግባበት። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ከ600 በላይ የተለኩ ውጤቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ እንዲያውም አባብሶት ተገኝቷል። ማብራሪያቸው የሰውየው ትኩረት ከሥራው ተነሥቶ ወደ ራሱ ማንነት በዞረ ቁጥር ጥቅሙ እንደሚቀንስ ነው። ወቀሳውን በሁለት ምስጋና መሐል ሸፍኖ ማቅረቡንም ይተዉት። ፈሪው ወቀሳውን ብቻ ሰምቶ ይወጣል፣ ልበ ሙሉው ምስጋናውን ብቻ፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ ሲያመሰግኗቸው "ግን" የምትለዋን ቃል ይጠብቃሉ።

ከዚያ ምክንያቱን ይፈልጉ፣ መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ይለያያልና። ሥራውን አያውቀው ከሆነ ማሳየት ነው። መረጃ የሚሰጠው ሌላ ክፍል የሚያዘገይበት ከሆነ እንቅፋቱን ማንሳት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ እርሱን ኮች ማድረግ አያስፈልግም። ከሁለት ሰው ሥራ እየተቀበለ ከሆነ ቅደም ተከተል ይስጡት። ስህተት እንዳይገኝበት ፈርቶ ፋይሉን ይዞ የሚቀመጥም አለ፤ የዝምተኛ ሰው መዘግየት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል፣ ማታ የሚታረምበት ደግሞ ይብስበታል። አንድ አሥረኛው ላይ የማየቱ ልማድ ለእንዲህ ያለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ለውጥ ካልታየ፣ ንግግሩ ኮቺንግ መሆኑ ያበቃል። ያን ጊዜ በግልጽ ይንገሩት፦ የሚጠበቀው ይህ ነው፣ ቀኑ ይህ ነው፣ ካልሆነ የሚከተለው ይህ ነው። በጽሑፍ ያድርጉት፣ አስቀድመውም የሰው ሀብት ክፍልን ያማክሩ። ማስጠንቀቂያን በ"አንተ ምን ይመስልሃል?" ለብሶ ማቅረብ ጭካኔ ነው፤ ሰውየው አደጋ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ይወጣል።

ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ጊዜ ከማታዎ ውስጥ የሚወጣ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ ይመድቡ፤ ለስድስት ሰው ሦስት ሰዓት ነው። ከባድ ከመሰለዎት፣ ለሁለት ሳምንት ጠረጴዛዎ ድረስ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ በወረቀት ላይ በዝርዝር ይያዙ፤ ሦስት ሰዓቱ ከየት እንደሚመጣ ራስዎ ያዩታል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃዎች እርሱ ይምራቸው። ቀጠሮውን ቢያዛውሩት ግድ የለም፣ አይሰርዙት ግን። ሲጨርሱ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የተስማማችሁበት፣ ቀኑ፣ እርስዎ የወሰዱት ኃላፊነት። ሦስተኛው መስመር በየሳምንቱ እየረዘመ ከሄደ ሥራው ተመልሶ ወደ ጠረጴዛዎ እየመጣ ነው።

ለቡድኑም ለውጡን ሳይናገሩ አይጀምሩ። አጭር ይሁን፦ "የላካችሁትን ሥራ ማታ እየወሰድኩ ሳስተካክል ቆይቻለሁ፤ አልጠቀማችሁም። ከሰኞ ጀምሮ ምልክት አድርጌ እመልሳለሁ። ቀነ ገደብ ሲያጣድፈን በቀጥታ የማዝዝበት ጊዜ ይኖራል፣ ያን ጊዜ እነግራችኋለሁ።"

ለስድስት፣ ምናልባትም ለስምንት ሳምንት የሚወጣው ሪፖርት እርስዎ ከሚሠሩት ዝቅ ያለ ይሆናል። ይህን አለቃዎ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ቀድመው ይንገሯቸው፤ የትኞቹን ሪፖርቶች ለሠራተኞቹ እንደለቀቁ፣ የትኞቹን ወደ ላይ ስለሚሄዱ በቅርብ እንደሚከታተሉ በዝርዝር ያሳዩዋቸው። አለቃዎ "አይሆንም" ካሉ ደግሞ አይከራከሩ፤ አንባቢው ጥቂት የሆነ አንድ ሪፖርት ብቻ እንዲፈቅዱልዎ ይጠይቁና በእርሱ ይጀምሩ።